ጭራዋና ቢጫው ሰደርያ

ጭራ ሲሏት ከት ብላ ትስቃለች እንጂ አትቆጣም። በመታወቂያ ስሟ የጠራት ሰው ሲመጣ ነው «ምን አጠፋሁ?» ብላ የምትደነግጠው። ስሙን ያወጣላት ሥራዋ ነው። በግድቡ ሐይቅ ዙሪያ መኪና የማይገባበት የብስክሌት መንገድ አለ። ሐይቁ ሰፊ ስለሆነ ጠዋት የገባ ሰው ከሰዓት በኋላ ነው የሚወጣው፤ ሁሉም ደግሞ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይዞራል። እሷ ከሁሉም ኋላ ትነዳለች። ጎማ የፈነዳበትን፣ ጉልበቱ የከዳውን፣ ፎቶ ሳነሳ ቀረሁ የሚለውን፣ ከፍቅረኛው ተጣልቶ ጥላ ሥር የተጎለተውን ሁሉ በፊቷ እያደረገች ታስወጣለች። ማንንም አትቀድም። ሰው ካቆመ እሷም ታቆማለች። አንዳንዱ «አንቺ ሴትዮ ምን ትከተይኛለሽ? እለፊኝ!» ሲላት «እኔ ካለፍኩህ የለህም ማለት ነው» ትለዋለች። ሰውየው ይስቃል። እሷ አትስቅም።

የማትስቅበት ምክንያት አላት። መንገዱ ማለቂያው አካባቢ ክፉ ቦታ አለው። በግድቡ አናት ማለፍ ክልክል ስለሆነ ከሐይቁ ዳር ወደ ታች ይወርድና ከግድቡ በሮች ሥር ያለውን ወንዝ በአንድ ዝቅተኛ የሲሚንቶ ድልድይ ይሻገራል። ክረምት ላይ ሐይቁ ጢም ሲል ከሰዓት በኋላ በሮቹ ይከፈታሉ፤ ያን ጊዜ ውሃው የሚያልፈው በድልድዩ ላይ ነው። የድልድዩን የብረት መከለያ ከነሲሚንቶው ነቅሎ የወሰደ ውሃ ሰው ቢያገኝ ምን እንደሚያደርግ እኔ ልንገራችሁ?

በሮቹን የሚከፍተው ባሏ ነው። ከግድቡ ጎን ካለው ማማ ላይ ሆኖ የሐይቁ ዳር መንገድ በመስኮቱ ወለል ብሎ ይታየዋል፤ ድልድዩን ግን ዛፎቹ ይጋርዱበታል። ስለዚህ ጭራ የመጨረሻውን ሰው አሻግራ ስትጨርስ ቢጫ ሰደርያዋን አውልቃ ከድልድዩ ማዶ ያለው ረጅም ምሰሶ ላይ ትሰቅላለች። ምሰሶው ከማማው ይታያል። ቢጫው ተሰቀለ ማለት መንገዱ ባዶ ነው ማለት ነው። ባሏ ይህን ሲያይ ታች ማሽን ክፍል ወርዶ መቀርቀሪያውን ይፈታል፣ ሳይረኑን ያስጮኻል፣ ተመልሶ ወጥቶ ምሰሶውን አንዴ ያይና የበሩን ቁልፍ ይጫናል።

የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ይኸው ነው። ባልና ሚስቱ ደግሞ የራሳቸው ደንብ ነበራቸው፤ ሰደርያውን ከመስቀሏ በፊት ትደውልለታለች። «ጨርሻለሁ» ትላለች። «እርግጠኛ ነሽ?» ይላታል። «ጭራ አይደለሁ እንዴ!» ትለዋለች። ቀልዱ ያው አንድ ቀልድ ነው፤ እሱ ግን ሁልጊዜ ይስቃል።

በዚያ ሳምንት ተኳርፈው ነበር። ያውም ክፉ ኩርፊያ! ነገሩ የመጣው በአባቱ ነው። ሽማግሌው ግድቡ ሲሠራ ሲሚንቶ የተሸከሙ፣ ዛሬ ጡረታ ወጥተው ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ ሰው ናቸው። በዓለም ላይ የቀረቻቸው ደስታ ያቺ ጥቁር ብስክሌታቸው ናት። አንድ ቀን ከብስክሌታቸው ሲወርዱ አዞራቸውና በር ላይ ቁጭ አሉ። ልጅየው ይህን አይቶ እሳት ለበሰ።

«ሁለተኛ አባዬን ብስክሌት ላይ እንዳላይ!»

«ታዲያ አልጋ ላይ ልታስተኛቸው ነው? ያኔ ነው የሚታመሙት!» አለችው ጭራ።

«አንቺ ምን አለብሽ፣ አባትሽ አይደለም» አላት።

ኧረ ምነው ምላሱን በቆረጠው! ልብሳቸውን የምታጥብ እሷ፣ መድኃኒታቸውን የምታስታውስ እሷ፣ አባባ እያለች አብራቸው የምትስቅ እሷ። ቃሉ አንጀቷ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲያ አንድ ጣሪያ ሥር ሆነው የሚነጋገሩት በሰው በኩል ሆነ። ቡሎን የሚሉት ወፍራም ብስክሌት ጠጋኝ አለ፤ ሱቁ መንገዱ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው፤ እሱ ላይ ወደቀ ዕዳው። «ቡሎን፣ ለዚያ ሰውዬ ቁልፉ ጎረቤት ነው በለው።» «ቡሎን፣ ለዚያች ሴትዮ ሰምቻለሁ በላት።» ሽማግሌው ተጨነቁ። ጥቁሯን ብስክሌት ቡሎን ሱቅ ግድግዳ ላይ አሰቅለው «በቃ ልጆቼ፣ በኔ አትጣሉ፤ አልነዳም» ብለው ማሉ።

ማሉ እንጂ!

በማግስቱ ሰማዩ ጠቁሮ ዋለ። ሐይቁ አፉ ድረስ ሞልቷል። ጭራ አንድ ቀርፋፋ ባልና ሚስት ከፊቷ አድርጋ፣ ዝናቡ ሳይቀድማቸው ለማስወጣት «አይዟችሁ፣ ደርሰናል» እያለች ስትነዳ ዋለች። ከማማው ፊት ያለው ገላጣ መንገድ ከመድረሷ በፊት ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ አለ። አለፈችው። ድልድዩን ተሻገረች። ባልና ሚስቱን ሸኝታ ሰደርያዋን አወለቀችና ስልኳን አወጣች።

«አባትሽ አይደለም» ያላት ትዝ አላት። ስልኳን መልሳ ኪሷ ከተተች። «ዓይን አለው አይደል፤ ይየው!» ብላ ቢጫውን ሰቀለችና ሄደች።

ቡሎን ሱቅ ስትደርስ እሱ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከኋላዋ ያለውን መንገድ ያያል።

«አባባስ? ደከማቸው እንዴ?»

«የምን አባባ?»

ቡሎን ጨርቁን ጣለ። «ጠዋት አንቺ ከመነሳትሽ በፊት ነው የወጡት። እንዳትነግራት፣ በኔ ሌላ ጠብ ይነሳል ብለውኝ… አብራችሁ የምትመጡ መስሎኝ…»

ጭራ ግድግዳውን አየች። የጥቁሯ ብስክሌት ማንጠልጠያ ባዶ ነው።  ከፊቷ ማንም አልቀረም፤ ሰው ሁሉ ወጥቷል። ስለዚህ ሽማግሌው ከኋላዋ ናቸው። አልፋቸዋለች። እኔ ካለፍኩህ የለህም የምትለው ሴት አባባን አልፋ፣ የሉም ብላ ቢጫ ሰቅላለች።

ደወለች። ጠራና ተዘጋ። እንደገና ደወለች። ተዘጋ። ዘጋባት! «ኧረ አንሳ፣ አንሳ አንተ ሰውዬ!» ስትል ሦስተኛው ጭራሽ አልጠራም። ማሽን ክፍል ውስጥ ኔትወርክ የለም። ባሏ ታች ወርዷል ማለት ነው፤ ወረደ ማለት ደግሞ ቢጫውን አይቷል ማለት ነው።

«ቡሎን፣ መደወል እንዳታቆም!» ብላ ብስክሌቷ ላይ ዘላ ወጣች።

በዚያ መንገድ ወደ ኋላ የነዳ ሰው የለም። ጭራ ነዳች። ቁና ቁና እየተነፈሰች፣ ፔዳሉን እየረገጠች፣ «እግዜር አንተው ያዘው፣ እጁን ያዘው» እያለች ነዳች። ገና ቁልቁለቱን ስትጀምር ሳይረኑ ጮኸ። ያ ድምፅ ዘወትር የምትሰማው ድምፅ ነው፤ የዚያን ቀን ግን ስትሰማው ፍሬኑን ለቃ ቁልቁል ተወረወረች። አሁን ባሏ ደረጃውን እየወጣ ነው። ሲደርስ ያያል፤ ቢጫውን ካየ ይጫናል።

ምሰሶው ሥር ደረሰች። ድልድዩ ፊቷ ነው። መሀሉ ላይ ጥቁሯ ብስክሌት ተጋድማለች፤ ሽማግሌው አጠገቧ ቁጭ ብለው ጭንቅላታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ሳይረኑ ሲያስደነግጣቸው አዙሯቸው ነበር።

እግሯ ወደሳቸው ሊሮጥ ነበር። እንዴት እንደያዘችው እሷም አታውቅም። ቢጫው ይቀድማል! ተንጠራርታ ሳበችው። ነፋሱ ምስማሩ ላይ ጠምጥሞታል፤ አልመጣም አለ። በሙሉ ክብደቷ ተንጠለጠለችበት፤ ተቀደደና እጇ ላይ ቀረ። ከዚያ ሮጠች።

«ልጄ፣ ተመለሺ! አንቺ እንኳ ትረፊ!» አሉ ሽማግሌው።

«ዝም ይበሉና እግርዎን ያንሱ!»

በብብታቸው ገብታ አነሳቻቸው። ግማሽ እየጎተተች፣ ግማሽ እየተሸከመች፣ የበሮቹን ብረት ቀና ብላ ላለማየት ጥርሷን ነክሳ ተጓዘች። ባሏ ሰደርያው ከመውረዱ በፊት አይቶ ይሁን በኋላ በምን ታውቃለች? ውሃው ቢመጣ የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ዳር ደርሰው ሳሩ ላይ ተያይዘው ወደቁ። ወንዙ ያው ቀጭን ሆኖ ይፈስሳል። ስልኳ ጮኸ።

«ቢጫውን ምን አደረግሽው?» አለ ባሏ፣ ያለሰላምታ።

«አባባ…» ከዚህ ሌላ ቃል ከአፏ አልወጣም። «አባባ ድልድዩ ላይ…»

 ስልኩ ሳይዘጋ የደረጃው ብረት ሲንኳኳ ትሰማለች።

መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። አባቱን ከራስ እስከ እግር ዳበሳቸው። ሽማግሌው ዕቃ ሰብሮ እንደደበቀ ልጅ አንገታቸውን ደፉ።

«ከዛፉ ሥር ሆኜ ሳይህ ነበር» አሉ። «መስኮቱ ላይ ቆመህ ነበር። እሷም ስትመጣ ተደብቄ አሳለፍኳት። አንተ ከመስኮቱ እስክትጠፋ ጠበቅሁና… እንዳትቆጣኝ ብዬ ነው እንጂ።»

«ከመስኮቱ የጠፋሁትኮ በሩን ልከፍት ነው አባዬ!» አለ። ሳሩ ላይ ቁጭ አለ። «ብቆጣህ ምን ነበረበት? ልገድልህ ነበርኮ!»

አባቱ ጉልበት ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ጭራ ለሳምንቱ ያጠራቀመችው ስድብ ሁሉ አፏ ላይ ነበር። አየችውና አንዱም አልወጣም።

«ስትደውዪ አይቼ ነው የዘጋሁት» አላት ቀና ሳይል።

«እኔም ሳልደውል ነው የሰቀልኩት» አለች።

 ሽማግሌው ቀስ ብለው «ብስክሌቴ እዚያ ቀረች» አሉ። ልጅየው ተነሳ። ድልድዩ መሀል ድረስ ሄዶ ጥቁሯን ብስክሌት አነሳ፤ የወጣውን ሰንሰለቷን በእጁ መልሶ፣ እየገፋ አመጣላቸው።

ከዚያ ወዲህ እነዚህ ባልና ሚስት አልተኳረፉም ብል ውሸቴን ነው። ያኮርፋሉ፤ ቡሎንም እስካሁን መልእክት ያመላልሳል። ሽማግሌው አሁን ጠዋት ከልጃቸው ጋር መጥተው የሚነዱት በማማው ፊት ለፊት ያለውን ገላጣውን ሜዳ ብቻ ነው፤ በመስኮቱ ሥር ባለፉ ቁጥር ደወላቸውን ያቃጭላሉ። ሲበቃቸው ጭራን ጠብቀው፣ ብስክሌታቸውን እየገፉ በእግራቸው አብረዋት ይሻገራሉ። እሷ የተሰፋውን ሰደርያዋን ታወልቅና ትደውላለች። የፈለገ ቢኳረፉ ስልኩ ገና መጥራት ሲጀምር ይነሳል።

«ጨርሻለሁ።»

«አባዬስ?»

«ከፊቴ ናቸው።»