የቦጋለች ሰጎን

የኋላሸት ጅጅጋ ውስጥ ባጃጅ የሚበይድ ሰው ነው። አያቱ በውትድርና መጥተው እዚያው ቀሩ፤ እሱም ሶማሊኛውን ከአማርኛው እኩል እየተናገረ አደገ። በ2010 ዓ.ም. ክረምት ከተማው ሲረበሽ የእናቱ የወይዘሮ ቦጋለች ቤት ተቃጠለ። እናትና ልጁን ግቢዋ አስገብታ ያተረፈቻቸው ጎረቤታቸው ዐያን ናት።

ሁሉም ከበረደ በኋላ የኋላሸት አመዱን ሲያገላብጥ የእናቱን የልብስ ስፌት መኪና አገኘ። እንጨቱ ነዶ ብረቱ ብቻ ቀርቷል። ለቁራሌው መስጠት አልሆነለትም፤ የሚሠራበት ጋራዥ ጥግ ወሸቀው። እናቱ ስለ ቤቱም ስለ መኪናውም አታወራም፤ ሰው ካነሳባት ወሬ ትቀይራለች።

ሥራ ሲቀዘቅዝ ያንን ብረት ይነካካ ጀመር። በፌሮ እግር፣ በሞተር ሳይክል ሰንሰለት አንገት፣ በስባሪ ስፖኪዮ ዓይን ሠራለት። ዐያን አየችውና ቆመች።

«ምንድን ነው?»

«ሰጎን ነው፣ እዶ ዐያን።» እዶ የሚላት እንደ አክስቱ ስለሚያያት ነው።

«ወላሂ፣ እኔ የማውቀው ሰጎን ላባ አለው!»

በማግስቱ ቀይና ብርቱካናማ ድራዕ፣ ያንን ስስና ሰፊ የሶማሌ ቀሚስ፣ ይዛ መጣች። «የእህቴ የሳዳ ነው። ከሞተች ጀምሮ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። እሷ እንኳን መጨፈር እንጂ መቀመጥ አትወድም ነበር፤ ነፋስ ይንካው።»

የኋላሸት ጨርቁን ቀዶ ክንፎቹ ላይ በሽቦ አሰረው። ክንፎቹን ደግሞ ከስፌት መኪናው መዘውር ጋር አያያዛቸው።

አንድ እሑድ ቦጋለች ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ወደ ጋራዡ ጎራ አለች። መዘውሩን ስታይ ደርቃ ቀረች።

«እማዬ፣ ካስከፋሽ አሁኑኑ እፈታዋለሁ» አለ የኋላሸት።

ቦጋለች ግን ቀረብ ብላ መዘውሩን አዞረችው። ክንፎቹ ከፍ ዝቅ አሉ፤ የሳዳ ድራዕ ተርገበገበ። በሩ ላይ ቆማ የምታየው ዐያን እልልታዋን አቀለጠችው። ቦጋለች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ እንባዋም መጣ፤ እሷ ግን ሳቋን አላቆመችም።

«አንተ ልጅ! በዚህ መኪና ስንት ሱሪህን ጠግኛለሁ መሰለህ!»

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁማት። ስለ ሰማያዊው በር፣ ስለ ፓፓያው ዛፍ፣ ለሙሽሮች ስለሰፋችው ቀሚስ ስታወራ ዋለች። በመሃል የክንፉን ጨርቅ ገልጣ አየችና ፊቷን አኮሳተረች።

«ጨርቅ በሽቦ ይሰፋል እንዴ? ዐያን፣ መርፌና ክር አምጪልኝ!»

ዛሬ ሰጎኗ ጋራዡ በር ላይ ቆማለች፤ መንገደኛው ሁሉ መዘውሯን ሳያዞር አያልፍም። ከቀብሪበያ ከተማ ድረስ የተሰበረ ራዲዮና የተወላገደ የልጅ ሳይክል የሚያመጡለት አሉ። የኋላሸት ከነሱ ግመል መሥራት ጀምሯል። ቦጋለችና ዐያን ግን ሻኛው ቢጫ ይልበስ አረንጓዴ ገና አልተስማሙም።