በጫቴ ቦታ የበቀለ ቀይ ሥር

ለድሃ አደግ ልጆች ደህንነት የቆመ ድርጅት የአባቴን ጫት ከነሥሩ አስነቅሎ ቀይ ሥር ዘራበት። በደሌ ይኸው ነው። ሌላ ጌጥ የለውም።

ጫቱ ከከተማው ዳር፣ ከቤቴ ጀርባ ባለው እርከን ላይ ነበር። ከተማዋን እኛ ጭሮ እንላታለን፤ በመንግሥት ወረቀት አሰበ ተፈሪ ነበረች። ከእርከኑ በታች ሜዳ አለ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ቀበሌው ሜዳውን ለድርጅቱ ሰጠው፤ ድርጅቱም ቆርቆሮ ቤቶች ሠርቶ ወላጅ የሌላቸውን ልጆች አስገባበት። ከሚኤሶና ከቦርደዴ፣ ከቆላው ሁሉ በመኪና ተጭነው ሲወርዱ አይቻለሁ። ጭንቅላታቸው ለአንገታቸው ይከብደው ነበር። ዝንብ ፊታቸው ላይ ሲያርፍ እጃቸውን አያነሱም። ያኔ እኔም አዝኜ አንድ ቅል ወተት ይዤ ወርጃለሁ።

ሁለት ዓመት ገንፎ ከበሉ በኋላ ግን ሐዘኔን መልሱልኝ ልላቸው አማረኝ። ድርጅቱ ሥራውን አልሠራም የሚል ሰው ካለ እኔ ዘንድ ይምጣ። እኛ ዘይቱን የምንለውን ጓቫዬን ሳይበስል የሚጨርሱ፣ ዶሮዬን እንቁላል የሚያስጥሉ፣ ውሻዬን ቀድመው አጥር የሚዘሉ ልጆች አድርጓቸዋል። ማስረጃው እኔ ነኝ።

በዚያ ሰሞን ገለምሶ ለቅሶ ሄጄ ወር ያህል ሰነበትኩ። ድርጅቱ ለካ ከመሀል አገር አንድ የግብርና ባለሙያ አስመጥቷል። ሰውየው ጫት ታስሮ ሲሸጥ እንጂ በእግሩ ቆሞ አይቶ አያውቅም። ልጆቹ የሚበሉትን አትክልት ራሳቸው እንዲተክሉ ብሎ ቦታ ሲያዘጋጅ ሜዳው ጠበበው፤ ቀና ብሎ እርከኔን አየ። ይህ ምን እንጨት ነው ብሎ ልጆቹን ጠየቃቸው። እዚህ አገር ጫትን የማያውቅ ልጅ የለም፤ ጡት ሳይጥል ያውቀዋል። እነሱ ግን እርስ በርስ ተያይተው፣ ዝም ብሎ የበቀለ ቁጥቋጦ ነው፣ ባለቤት የለውም፣ እባብ ይተኛበታል አሉት። እባብ ሲባል ሰውየው መጥረቢያ አስመጣ።

ከአንዱ ለቅሶ ተመልሼ ሌላ ለቅሶ ጠበቀኝ። እርከኔ ላይ ቀይ ሥር በረድፍ በረድፍ ጆሮውን አቁሟል።

የድርጅቱ ኃላፊ ከሸዋ የመጣች ነርስ ነበረች። ስነግራት ደነገጠች፤ ባለሙያውም ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ካሳ እንስጥዎት አሉ። ካሳ አልፈልግም፣ በቦታው ጫቴን ትከሉልኝ አልኩ። እሱን አንችልም፣ ይህ ለልጆች ደህንነት የቆመ ድርጅት ነው፣ ጫት አይተክልም አለችኝ።

«ለኔ ደህንነትስ ማን ቆሞልኛል?» አልኳት።

ለሱ የተቋቋመ ድርጅት ከተገኘ እጠይቅልዎታለሁ አለች። እየቀለደች መሆኗ የገባኝ ቤቴ ከደረስኩ በኋላ ነው።

ልከስ ተነሳሁ። አውራጃው ቢሮ በር ላይ የሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ እኔ «ሌቦች» ስለው እሱ «በታላቅ አክብሮት» ብሎ ይጽፋል። ራሴ ካልጻፍኩት የልቤ አይደርስም አልኩ። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ከካድሬ ተደብቄ ጫት ሥር የተኛሁ ሰው ነኝ፤ አሁን ጫቱም የለ፣ መደበቂያም የለ። በሠፈራችን ደግሞ ጎልማሳ የሚያስተምረው ያው ድርጅቱ ነበር። ገባሁ። በልጆቹ አግዳሚ ላይ፣ ጉልበቴ አገጬን እየነካ፣ ፊደል ቆጠርኩ። ክረምቱ ሲወጣ የመጀመሪያ ጽሑፌን ጻፍኩ፤ በድርጅቱ ላይ ያቀረብኩት ክስ ነበር። አስተማሪዬ የድርጅቱን ደመወዝ የሚበላ ሰው ነው። አነበበውና በቀይ እስክሪብቶ «ጎበዝ፣ በርታ» ብሎ መለሰልኝ።

ክሱን ይዤ ልወጣ ስል ኳስ ግቢዬ ወደቀ። የእውነት የቆዳ ኳስ ነው። ድርጅቱ ለልጆቹ የጨርቅ ኳስ እንኳ ሲሰጥ አላየሁም። ልጆቹ ተከታትለው መጡ፤ ከፊታቸው አንዲት ምላሰኛ ልጅ አለች፣ ሁልጊዜ ተናጋሪዋ እሷ ነበረች።

«ጋሼ፣ ኳሳችንን ይስጡን» አለች።

ከየት አመጣችሁት አልኳት። ከእግዜር አለች። ከኋላዋ የቆመው፣ የፊት ጥርሱ የወለቀው ትንሹ ልጅ ግን፣ «ከሹፌሩ ነው፤ ጫቱን ሰጥተነው» አለ። በክርኗ ጎሸመችው፤ ግን ነገሩ ወጥቷል። ባለሙያው እባብ ሲፈልግ እነሱ ቀንበጡን እየለቀሙ አስረው መንገድ ዳር ለቆመ የጭነት መኪና ሹፌር ሰጡት፤ ሹፌሩም ከድሬዳዋ ሲመለስ ኳስ አመጣላቸው። የአባቴ ጫት ኳስ ሆኖ እግሬ ሥር ይንከባለላል። ብልሃታቸው አናደደኝ፤ እኔ ራሴ በልጅነቴ ያላሰብኩት ነው። ኳሱን በገመድ አስሬ ከቤቴ ማገር ላይ ሰቀልኩት።

በልጅ ላይ ክስ አይጻፍምና ክሱን ትቼ ሽማግሌ አስቀመጥኩ። ሽማግሌዎቹም ፈረዱ፦ ቀይ ሥሩ ተነቅሎ ይቀቀል፤ ጫቱን ያስነቀሉት ልጆች ራሳቸው መልሰው ይትከሉ፣ ውኃም ያጠጡ፤ ጫቱ ደርሶ ሽማግሌ እስኪቀምሰው ድረስ ኳሱ መያዣ ሆኖ እኔ ዘንድ ይቆይ። ኃላፊዋ መጀመሪያ አሻፈረኝ አለች። በኋላ ልጅ ያበላሸውን ማቃናት ይልመድ ብላ ፈቀደች፤ ሌላ ኳስም አልገዛም አለች። ግን ልጆቹ ከኔ ዘንድ ሲመለሱ፣ ጫት ቅመው እንደሆነ ብላ፣ በሩ ላይ ቆማ ምላሳቸውን አንድ በአንድ ታያለች። አረንጓዴ ምላስ የተገኘበት ወዮለት።

አንድ ቀን ጥሬ ጎመን አኝኩ ብዬ ላክኋቸው። ኃላፊዋ ነጭ ጋውኗን ሰብስባ ዳገቱን እየሮጠች መጣች። እንዲያ መሮጥ እንደምትችል ድርጅቱም የሚያውቅ አይመስለኝም። እኔ ጎመን እየቀነጠስኩ ነበር፤ ቅመሺ ብዬ ዘረጋሁላት። ልጆቹ ከአጥሩ ማዶ ሆነው በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለሉ። እሷም ለመቆጣት አፏን ከፍታ ሳቀች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከምንጩ ውኃ እየቀዱ ይመጣሉ። እኔ ሰነፎች እላቸዋለሁ፤ እነሱ ንፉግ ይሉኛል። ጋዜጣ ይዤ ስቀመጥ ምላሰኛዋ ከትከሻዬ በላይ ታነባለች። ጋሼ፣ ከባለፈው ቅዳሜ ጀምሮ እዚሁ መስመር ላይ ነዎት ትለኛለች። ስትሄድ መስመሩን እጨርሰዋለሁ፤ እልኸኛ ነኝ።

ባለሙያው ተዛወረ። ድርጅቱ ግን እንደ ሌሎቹ እንግዶች መጥቶ አልሄደም፤ ልጆቹን አስተማረ፣ አሳከመ፣ አሳደገ። ጥርሱ የወለቀው ልጅ ጥርስ አወጣ፣ ድምፁ ጎረነነ፣ በቁመት በለጠኝ። ጫቱም ከወገቤ አልፎ ሄደ። አንድ ዓመት ሽማግሌዎቹ ሊያዩ መጡ፤ አልደረሰም አልኳቸው። አገላብጠው አይተው፣ ባለቤቱ ያውቃል ብለው ተመለሱ።

በዓመቱ ምላሰኛዋ ነርስነት ልትማር ወደ ሐረር የምትሄድበት ጊዜ ደረሰ። ከመሄዷ በፊት ሽማግሌዎቹን ራሷ ጠርታ፣ ልጆቹን አስከትላ መጣች። አሁንም አልደረሰም አልኩ። ቀጥ ብላ ወደ እርከኑ ወጣችና አንድ ቀንበጥ ቀንጥሳ ለፀሐይ አሳየችው።

«ጋሼ፣ ይሄ ደርሷል» አለች። «አምናም ደርሶ ነበር።»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ዋናው ሽማግሌ እውነት ነው ወይ አሉኝ። እኔ የማየው ውኃ የተሸከሙበትን ጀሪካን ነበር። ከደረሰማ ቅዳሜ ምን ልትሠሩ ትመጣላችሁ ማለት ከአፌ አልወጣ አለኝ። ልጅቷ ግን ሳልናገር ሰማችኝ።

«አይዞዎት» አለች፣ «እነዚህ እዚሁ ይቀራሉ። ዘይቱንዎም አለ።»

ዋናው ሽማግሌ ጥርስ የላቸውም፤ ጫት የሚቅሙት ተወቅጦላቸው ነው። ጥርስ ያወጣው ልጅ በትንሿ ሙቀጫ ወቀጠላቸው፤ ቢስሚላሂ ብለው ቀመሱና ከአባትህ ጫት ትንሽ ይመርራል አሉኝ። በኔ እጅ ያደገ ምን ይሁን አልኳቸው።

ኳሱን ከማገሩ አወረድኩት። ቆዳው ተሰነጣጥቋል፣ አንዱን ጎኑን አይጥ በልቶታል። ጢም ያበቀሉ ጎረምሶች ተሻምተው ረገጡት፤ አልነጥር አለ። እኔም አንድ ጊዜ መታሁት። ቀይ ሥር የበቀለበት እርከን ላይ፣ ጫቱ መሀል ገብቶ ተቀመጠ።

ነገሩ ያለቀው ጥቅምት 14 ቀን 1986 ዓ.ም. ነው።