የጠይብ ልጅ ነኝ ያልኩበት ስብሰባ

ደብረ ታቦር የሀገሪቱ የቴክኖሎጂ ማዕከል ልትባል ነው የሚለው ወሬ ሲደርሰኝ መብራት ጠፍቶ ነበር። በኮምፒውተር ማሠልጠኛዬ ውስጥ የኪቦርዱን ቁልፎች ሥዕል በማርከር ሰሌዳ ላይ ሥዬ ሠልጣኞቼን በጣት እያሳየሁ አስተምራለሁ። ማዕከል እስክንሆን መብራቱ ቢመጣልን ምን ነበረበት አልኳቸው፤ ሳቁ።

ወሬው ግን ቀልድ አልነበረም። ከተማ እንዴት ስም እንደሚያወጣ ያየሁት ያኔ ነው። መጀመሪያ ባነር ይሰቀላል፣ ቀጥሎ ስብሰባ ይጠራል፣ ከዚያ ሰው ሁሉ ቃሉን አፉን ያስለምደዋል። ከእኔ ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ እንኳ በሩ ላይ «ዲጂታል ፀጉር ቤት» ብሎ አጻፈ። ኢንተርኔቱ በኋላ ይደርሳል ተባለ።

ስም ደግሞ ታሪክ ይፈልጋል፤ ደብረ ታቦር ታሪክ አታጣም። ንጉሡ መድፍ ያሠሩበት ጋፋት አፍንጫችን ሥር ነው። በየስብሰባው ጋፋት ይነሳል። እኛ የጠቢባን ልጆች ነን ይላል ተናጋሪው፣ ይጨበጨባል። እውነተኛው የጠይብ ልጅ እኔ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ።

አባቴ እብናት አካባቢ ማረሻና ማጭድ የሚሠራ ብረት ቀጥቃጭ ነው። አገሬው ማረሻውን ከእጁ ይቀበላል፣ ከቤቱ ግን እህል አይቀምስም። የሰው ልጅ ሲታመም ቡዳ በላው ይባላል፤ ቡዳ የሚባሉት ደግሞ እኛ ነን። ደብረ ታቦር ከመጣሁ ወዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ የገበሬ ልጅ ነኝ እላለሁ። ማንም አልተጠራጠረኝም።

በዚያ ዓመት ላገባ ነበር። ልጅቷ አስተማሪ ናት፤ እሷን ካገኘሁ ወዲህ ነው ይህ ከተማ ቤቴ የመሰለኝ። ሽማግሌ ልኬ አባቷ በጎ መልስ ሰጥተዋል። የቀረው ዘር መቁጠር ነበር። እኛ ዘንድ እስከ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ሴት ልጅ አይሰጥም። ዝምድና እንዳይኖር ነው ይባላል፤ ሲቆጥሩ ግን ሌላም ሌላም ያያሉ። እኔ አልፈራሁም። ያያቶቼን ስም ሸምድጃለሁ፣ ስም ደግሞ ሙያ አይናገርም።

ከፋሲካ በፊት ትልቁ ስብሰባ ተጠራ። እንግዶች ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ መጥተዋል፣ አዳራሹ ጢም ብሏል። ተናጋሪው ስለ ጋፋት ሲያወራ እንባ ተናነቀው። ባለእጅን ባንንቅ ኖሮ ዛሬ የት በደረስን፣ ያ ዘመን ግን አብቅቷል አለ። ሰው ቆሞ አጨበጨበ። ምን ላድርግ፣ አመንኩት። እጄን አወጣሁና ማይክሮፎን ሰጡኝ።

«እኔ የጠይብ ልጅ ነኝ» አልኩ። «አባቴ ዛሬም ብረት ይቀጠቅጣል፤ እኔ ኮምፒውተር አስተምራለሁ።»

ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። ፎቶ አነሱኝ። ምሳ ሲቀርብ ግን አብረውኝ ትሪ የከበቡት ሰዎች ስልክ ተደወለልን እያሉ አንድ በአንድ ተነሡ፤ ያን ሁሉ እንጀራ ይዤ ብቻዬን ቀረሁ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። የእኔማ ከአፋፍም አልፎ መናኸሪያው በር ላይ ባነር ሆኖ ተሰቀለ፤ ፎቶዬ ከነፈገግታው፣ ከሥሩ የከተማዋ ስም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የልጅቷ አባት የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ጠብቀው አስቆሙኝ። ደግ ሰው ናቸው፣ አልተቆጡም። ሽማግሌዎቹ ከእንግዲህ ባይደክሙ ይሻላል አሉኝ።

«አንቱም እኮ እዚያ ነበሩ» አልኳቸው። «ቆመው ሲያጨበጭቡ አይቻለሁ።»

«አጨብጭቤያለሁ» አሉ። «ለከተማዋ ነዋ፣ ልጄ። ከተማዋ በጠይብ ትታወቅ፣ ደስ ይለኛል። ቤቴ ግን በዚህ እንዲታወቅ አልሻም።»

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ሰው ያየኛል አላልኩም። ሊያነሡኝ እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ በላይ ያመመኝ ነገር የለም።

ለሷ ብደውል ብደውል አላነሣ አለች። የማሠልጠኛውን በር ከውስጥ ቆልፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። መኖር አስጠላኝ። በመጨረሻ አንድ ቀን አነሣችው። እንሂድ አልኳት፤ ባሕር ዳር ማን ያውቀናል፣ ማንስ ዘር ይቆጥርብናል፣ እኔ የትም ሠርቼ አኖርሻለሁ። ስታለቅስ ሰማኋት።

«እኔኮ አውቅ ነበር» አለችኝ።

ምኑን አልኳት።

«መጀመሪያ የተመደብኩት እብናት ነው፣ ያባትህ ጎጆ ከትምህርት ቤታችን በታች ነበር። በዓል ልትውል ስትመጣ አይቼሃለሁ። አውቄ ነው የወደድኩህ። ዝም ብዬ አገባህ ነበር፣ እስክሞት ለሰው ትንፍሽ አልልም ነበር። ማን ጠየቀህ?»

ማንም አልጠየቀኝም ነበር፤ የተጠየቅሁ የመሰለኝ እኔ ነኝ።