ለኮምፔርሳቶ የተለየው ዲስክ

ዛሬ ቦንጋ ውስጥ የራሴ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። ቁምሳጥን ያሠራ ሰው ጠርዙን ዳብሶ ሲያደንቅልኝ ግን ደስ አይለኝም። ጠርዝ እንደዚያ አድርጎ መቁረጥ ያስተማሩኝ የሙያ አባቴ ጋሼ ናቸው፤ ጋሼን ከሥራቸው ያስወጣኋቸው ደግሞ እኔ ነኝ።

አብረን ስንሠራ ሁለት የመጋዝ ዲስክ ነበረን። አንዱ ጥርሱ ትልልቅና ጥቂት ነው፤ ለዋንዛ ጣውላ ይበቃል። ሌላው ጥርሱ ደቃቅና ብዙ ሲሆን ከስስ እንጨት ተደራርቦ ለሚሠራው ለኮምፔርሳቶ ብቻ ነበር፤ ጋሼ በጨርቅ ጠቅልለው ነበር የሚያስቀምጡት። “ኮምፔርሳቶ ስስ ቆዳ ነው የለበሰው፤ ትልቅ ጥርስ ይገሸልጠዋል” ይሉኝ ነበር። የሚታየውን ፊት ወደ ታች ያጋድማሉ፣ መስመሩ ላይ ፕላስተር ይለጥፋሉ፣ ከዚያ ማሽኑን ሳይቸኩሉ ይገፉታል። እኔ ጣውላ እቆርጣለሁ፤ ኮምፔርሳቶ ግን ከእሳቸው በቀር ማንም አይነካም። ዓይናቸው እየደከመ ስለነበር የቆረጡትን በመዳፋቸው ዳብሰው ነው የሚያረጋግጡት።

ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች አስተማሪ የመጻሕፍት ቁምሳጥን አዘዘችን። በዚያ ሳምንት መብራት በቀን ሦስት አራት ጊዜ እየመጣ ይጠፋል። በመጣ ቁጥር አንዱን ዲስክ ፈትተን ሌላውን እናስራለን፤ የትኛውን እንደጨረስን እኛም ግራ ገብቶናል። አንድ ቀን ጋሼ ለቅሶ ሄደው ሳለ መብራት መጣ። የቀሩት ሁለት የኮምፔርሳቶ መዝጊያዎች ነበሩ፤ ማሽኑ ላይ የታሰረው የዋንዛው ዲስክ ነው። መቀየር ማለት አንድ ብሎን ፈትቶ ማሰር ነው። እሱን ሰነፍኩ። ሳይጠፋ ልጨርስ ብዬ ገፋሁት፤ ጠርዙ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጣጠረ። መዝጊያዎቹን ጋሼ ከቆረጧቸው ላይ ደረብኳቸውና መላጊያዬን አንስቼ ሥራ የበዛበት ሰው መሰልኩ።

ጋሼ ሲመለሱ እንደ ልማዳቸው መዝጊያዎቹን በመዳፋቸው ዳሰሱ። ስንጥር ገባባቸው። ደጅ ወጥተው መዳፋቸውን ወደ ፀሐይ ቢያዞሩም አልታያቸውም፤ ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። እጃቸውን እንደያዝኩ፣ “ዲስኩን ሳልቀይር ነው የቆረጥኩት ማለት ነው። እንዴት አላየሁም?” አሉኝ።

“እኔ ነኝ” ማለት ምን ነበረበት? ቢቆጡ አንድ ቀን ነው። እኔ ግን “አይዞዎት ጋሼ፣ በስቱኮ ይስተካከላል” አልኩ። ምላሴን ይቁረጠው።

በማግስቱ ሥራ አልገቡም። በሦስተኛው ቀን መጥተው ደቃቁን ዲስክ ከነጨርቁ አስረከቡኝ። “ከእንግዲህ የሰው ዕቃ አላበላሽም” ብለው ደካ የሚባል ቦታ ወዳለው ልጃቸው ዘንድ ሄዱ።

ልጠይቃቸው በሄድኩ ቁጥር እነግራቸዋለሁ ብዬ ነው የምሳፈረው። ሚኒባስ ውስጥ ቃላቱን ስደረድር እውላለሁ፤ ፊታቸውን ሳይ ግን ጤናቸውን ብቻ ጠይቄ እመለሳለሁ። በቅርቡ ስሄድ በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አሁን ዓይናቸው ጭራሽ አያይም፤ እጃቸው ግን አርፎ አይቀመጥም፣ የወንበሩን ጠርዝ ይዳብሳል።

“እኔ ከተውኩ ወዲህ ኮምፔርሳቶ ተሰንጥሮብህ ያውቃል?” አሉኝ።

“ኧረ በጭራሽ” አልኩ። እውነቴን ነበር።

“ተመስገን!” አሉ፤ ፊታቸው በራ። “እንኳንም በጊዜ ተውኩት።”