ኮት አራጇ

በቡታጅራ፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አራት የልብስ ስፌት መኪናዎች ተደርድረው የሚውሉበት አንድ በረንዳ አለ። በሦስቱ ላይ ወንዶች፣ በአራተኛው ላይ ባሂራ ትቀመጣለች። ባሂራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍታለች። ሠላሳ ዓመት ካልሞላው የከተማው ሰው ግማሹ የማባዛት ሠንጠረዥ የሸመደደው በእሷ ስፌት ውስጥ ሆኖ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ዩኒፎርም የሚሰፋ ሰው ግን ኮት ሰፊ አይባልም። ኮት ሌላ ማዕረግ ነው፤ በበረንዳው ላይ ያንን ማዕረግ የያዘው ደግሞ ጎረቤቷ ደበሌ ብቻ ነበር። ደበሌ «ኮት ሒሳብ ነው» ይላል፤ ሒሳቡን ግን ለማንም አሳይቶ አያውቅም። እርግጥ እሱም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው የመርካቶን ኮት በማሳጠር ነበር። አዲስ አበባ ያለ ልጅ ለአረፋ ሲገባ ለአባቱ ኮት ይዞ መግባቱ በአገሩ እንደ ሕግ ነው፤ የኮቱ ልክ መሆን ግን በሕጉ ውስጥ አልተካተተም።

ባሂራ አርባ አራት ዓመት ሲሞላት ኮት እሰፋለሁ ብላ ተነሣች። ደበሌን አስተምረኝ ብላ አልለመነችውም። በየወሩ ከሰልባጅ ተራ አንድ አሮጌ ኮት ትገዛለች፤ ስፌቱን በምላጭ ትተረትራለች፣ ገበሩን ትገልጣለች፣ እያንዳንዱን ቁራጭ በወረቀት ላይ ዘርግታ ዙሪያውን ትስላለች፤ ከዚያም መልሳ ትሰፋዋለች። የመጀመሪያው ኮት እጅጌዎች ወደ ኋላ ዞረው ስለተገጠሙ፣ ደበሌ ለብሶት በረንዳው ላይ እንደታሰረ ሌባ ወዲያና ወዲህ ተንጎራደደ። ከዚያ ቀን በኋላ ስሟ «ኮት አራጇ» ሆነ።

«ዛሬስ ስንት አረድሽ?» ይላታል ጠዋት ጠዋት።

«አንድ። ቆዳውን ላስቀምጥልህ?»

በአሥራ አራተኛው ወር የትኛው ስፌት የእሷ፣ የትኛው የፋብሪካው እንደሆነ ራሷም መለየት አቃታት። ያን ጊዜ ጋሽ ሸምሶ መጡ።

ጋሽ ሸምሶ በመስቃን ዙሪያ ያልደረሱበት ጠብ የሌለ አስታራቂ ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸው ሙባሪክ በየዓመቱ ከመርካቶ ኮት ያመጣላቸዋል፤ ኮቱም በየዓመቱ ልክ ይሆናል፣ ለሙባሪክ። እናም ሽማግሌው ደፍረው ኮት እንድትሰፋላቸው ባሂራን አዘዟት። ልካቸውን ስትወስድ ፎቶ ሊነሡ እንደሆነ ሁሉ ደረታቸውን ነፍተው፣ እጃቸውን ከጎናቸው አጣብቀው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ቆሙ። ኮቱ ሲደርስ በቆሙበት እንደ ሐውልት አማረባቸው።

በሳምንቱ በድንበር የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾችን ሊያስታርቁ ተቀመጡ። እንደ ወጉ በዱዓ ለመክፈት ሁለት እጆቻቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። በዱዓውና በአሚኑ መካከል «ጭርር» የሚል ድምፅ ተሰማ። የቀኙ ብብት እስከ ወገብ ተተርትሮ ነበር። ሦስት ዓመት ያልተነጋገሩት ወንድማማቾች አብረው ሳቁ፤ አብረው ከሳቁ በኋላ መጣላቱ ከበዳቸውና ታረቁ። ያስታረቀው የባሂራ ኮት ነው ተባለ። ባሂራን ግን ይህ ውዳሴ አላጽናናትም።

«ኮት ሒሳብ ነው ብዬሽ ነበር» አላት ደበሌ።

ባሂራ የስፌት መኪናዋን ሸፍና ወደ ሽማግሌው ቤት ሄደች።

«አትድከሚ ልጄ» አሏት ጋሽ ሸምሶ በርኅራኄ። «አረፋ ደርሷል፤ ሙባሪክ ይዞ ይመጣል።»

ቢቆጧት በተሻላት።

«ጋሼ፣ አንድ ዕድል ይስጡኝ። ጨርቁን እኔ እችላለሁ። የአረፋ ለት ይህም ኮት ቢቀደድ መቀሴን ለደበሌ ሰጥቼ ወደ ዩኒፎርሜ እመለሳለሁ።»

«እሺ» አሉ፤ «መቀሱ ግን ለደበሌ አይገባውም።»

ባሂራ የአሥራ አራቱን ኮቶች ወረቀቶች በቤቷ ወለል ላይ ዘረጋቻቸው። በአሥራ ሦስቱ እጅጌው የሚገጠምበት የብብቱ ቀዳዳ ሰፊና ወደ ታች የወረደ ነው። ዘጠነኛው ብቻ ጠባብ ሆኖ ብብትን የሚነካ ነበር፤ በጊዜው የልብስ ሰፊው ስሕተት መስሏት አዝናለት አልፋዋለች። አሁን ያንኑ ኮት ከሣጥን አውጥታ ለበሰችና እጇን አነሣች። እጅጌው ተነሣ፣ ኮቱ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ሌላውን ለብሳ እጇን ስታነሣ ኮቱ እስከ ጆሮዋ ወጣ። ሰፊው ቀዳዳ ነፃነት የሚሰጥ ይመስላል እንጂ እጅ በተነሣ ቁጥር ኮቱን በሙሉ ይጎትታል። ሁለተኛው ስሕተት ደግሞ የራሷ ነበር፤ ተቀምጦ የሚውልን፣ እጁን ዘርግቶ የሚኖርን ሽማግሌ አቁማ ለክታዋለች።

በማግስቱ ሜትሯን ይዛ ተመለሰች።

«ይቀመጡ፤ እንደ ሽምግልናው። አሁን ዱዓ ያድርጉ።»

«የምርሽን ነው?»

«የምሬን። ረጅሙን።»

ጋሽ ሸምሶ ለዝናቡ፣ ለታመመው፣ ለመንገደኛው፣ በመጨረሻም ለባጃጅ ነጂዎች ጠባይ ሳይቀር ለመኑ። ባሂራ ከጀርባቸው እየዞረች ለካች፤ መርፌ በከንፈሯ ስለያዘች አሚን ያለችው በአፍንጫዋ ነው። ከዚያ በኋላ እጅጌውን አራት ጊዜ ገጠመች፣ ሦስት ጊዜ ተረተረች። ከበዓሉ በፊት በሚከበረው የሴቶች አረፋ ዕለት ጎረቤቶቿ በጎመኑና በቅቤው ዙሪያ ተሰብስበው ሲጫወቱ፣ እሷ የመጨረሻውን ቁልፍ ትተክል ነበር።

በአረፋ ጠዋት ሰላት ካበቃ በኋላ ሽማግሌው ዱዓ እንዲያደርጉ ተጠየቁ። ባሂራ ከሴቶቹ መካከል ቆማ ነበር። እጆቻቸው ወደ ሰማይ ተነሡ። ሌላው ሰው የሚያዳምጠው ዱዓውን ነው፤ እሷ ግን አላህ ይቅር ይበላትና ብብቱን ታዳምጥ ነበር። ጋሽ ሸምሶም በዚያ ቀን ዱዓውን አላሳጠሩም። እጃቸውን ከፍ አደረጉ፣ ዘረጉ፣ ደግመው ከፍ አደረጉ። ምንም ድምፅ የለም። «አሚን» ሲባል ከሁሉ በላይ የተሰማው የእሷ ነበር፤ ሴቶቹ ዘወር ብለው አዩዋት።

ሙባሪክ ከመርካቶ ያመጣውን አዲስ ኮት በክንዱ እንደያዘ ተጠጋ።

«አባባ፣ ይኼንስ ምን ላድርገው?»

«ለባሂራ ስጣት» አሉ አባቱ፤ «የእርድ ቀን አይደል?»

የሰማው ሁሉ ሳቀ። ደበሌም፣ በዓል በዓል ነውና እንኳን አደረሳችሁ ሊል መጥቶ፣ ከሳቁት አንዱ ነበር። ሳቁ ሲበርድ ግን ወደ ባሂራ ጠጋ ብሎ፣ ዓይኑን ከጋሽ ሸምሶ ትከሻ ላይ ሳያነሣ በዝግታ ጠየቃት።

«ስትተረትሪው... ቁጭ ብዬ ብመለከት ቅር ይልሻል?»

ባሂራ የመርካቶውን ኮት በክንዷ ላይ አስተካክላ አጠፈችው።

«ምን ቅር ይለኛል፤ ሰኞ ና» አለችው። «ደብተር ግን ያዝ፤ ኮት ሒሳብ ነው።»