የሙሴ ኒኮላይ የማታ ጉብኝት

ትናንት ማታ ለአንድ ሥዕል ስል ልታሰር ነበር... ያውም ዓይቼው ለማላውቀው ሥዕል።

ሙሴ ኒኮላይ ጋራዥ አብረውኝ የሚሠሩ ሩሲያዊ ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው ከአገራቸው ተሰደው፣ አሁን ጣልያን ጥሎት የሄደውን ካሚዮን እየጠገኑ መቐለ ቀርተዋል። ከሥራ ስንወጣ ክንዴን ይይዙና ከተማ ያስጎበኙኛል። የኛን እንዳይመስላችሁ፣ አገራቸው ጥለውት የመጡትን የራሳቸውን! ገበያው መሐል ሲደርሱ «ይሄ ወንዙ ነው» ይላሉ። ትንሽ አለፍ ብለው ደግሞ «ይሄ ድልድዩ»። ለእኔ የሚታየኝ አቧራ ነው።

መጨረሻችን ሁልጊዜ የዐፄ ዮሐንስ ቤተ መንግሥት አጥር ሥር ነው። ለእሳቸው ሙዚየም መሆኑ ነው። አባታቸው የሙዚየም ዘበኛ ስለነበሩ፣ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ፋኖስ ይዘው ያኔ ልጅ የነበሩትን ሙሴን ሥዕሎቹን እያሳዩ ክፍል ለክፍል ያዞሯቸው ነበር። ስለዚህ ካልመሸ ጉብኝት የለም። ሰዓት እላፊ አለ ብላቸው... ማን ሰምቶኝ!

ትናንት ታዲያ ወደ ሰገነቱ በጣታቸው እያመለከቱ «ደረጃው ሲያልቅ...» ብለው ማስረዳት ሲጀምሩ፣ ባትሪ ፊታችን ላይ ቦግ አለ።

«ቁሙ! ይሄ ፈረንጅ ምንድን ነው የሚያሳይህ?» አለ ጠባቂው አስር አለቃ፣ ጠመንጃውን እንደደገነ።

«ሥዕል ነው ጌታዬ።»

«የታለ ሥዕሉ?»

«እዚህ የለም... አገራቸው ነው ያለው።»

እንዲህ ብሎ የተረፈ ሰው አላውቅም። እዚህ አገር በመንግሥት ላይ የተነሣው ዐመፅ ከበረደ ወዲህ ቤተ መንግሥቱን ትክ ብሎ ያየ ሁሉ ሰላይ ነው።

«ክላ! በእኔ ነው የምትቀልደው?» አለና ሙሴን አጥሩ ጥግ አስቁሞ እኔን ለብቻ ወሰደኝ። «እውነት ከሆነ ቃላችሁ አንድ ይሆናል። ደረጃው ሲያልቅ ምን አለ?»

እኔ እኮ ያን ሁሉ ማታ እያዛጋሁ፣ ስለ ራቴ እያሰብኩ ነው የሰማሁት!

«በግራ በኩል... አንዲት ሴት። ሰማያዊ ለብሳ መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች።»

«እጇስ ላይ?»

እጇ... እጇ... ላብ አጠመቀኝ። «ሎሚ!» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ።

ወደ ሙሴ ሄደ። የሚሉት አይሰማኝም፣ እጃቸውን ብቻ አያለሁ። መጀመሪያ ወደ ግራ አመለከቱ። ከዚያ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ ክብ ነገር እንደያዘ ሰው ጣታቸውን ቀስ ብለው አጠፉ።

አስር አለቃው ባትሪውን አጠፋ።

«በሉ ሂዱ ሓወይ» አለኝ፣ ወንድሜ ማለቱ ነው። « ሁለተኛ በዚህ ሰዓት እንዳላያችሁ።»

እንደራቅን ልቆጣቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። «ምን አልከው?» የተናገርኩትን ደገምኩላቸው። ሎሚው ላይ ስደርስ ዓይናቸው በእንባ ሞላ፣ ንዴቴም የት እንደገባ አላውቅም።

«ያንን ሥዕል የሚያውቅ ሰው ከእኔ በቀር የቀረ አልመሰለኝም ነበር» አሉና ክንዴን ጠበቅ አድርገው ያዙ። «ነገ አንተ ምራኝ።»

ከመቐለ ወጥቼ የማላውቀው ሰውዬ ነገ ለሩሲያዊ አገሩን ላስጎበኝ ነው... ግን በቀን!