ሦስት ሚሳይል፣ በርክክብ

ባለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ ልጄ ቤተልሔም ላፕቶፕዋን ጠረጴዛው ላይ ከፍታ፣ «አባዬ፣ ያ ሁልጊዜ የምታወራልኝ ጨዋታ ይኸው ተገኘ» አለችኝ። በጥቁሩ ሰማይ ላይ ነጫጭ ነጥቦች ተበትነዋል፤ በመካከላቸው በቀጫጭን መስመሮች ብቻ የተሠራች የጠፈር ጣቢያ ቀስ እያለች ትሽከረከራለች። መነጽሬን አደረግሁ። የፍጥነቱንና የመተኮሻውን ቁልፍ ጣቶቼ ሳልነግራቸው አገኟቸው። ከጣቢያዋ ወጣሁ፣ ዞርኩ፣ ወደ መግቢያዋ አነጣጠርኩ፤ ከግድግዳዋ ጋር ተላትሜም ብትንትኔ ወጣ።

ልጄ ሳቀች። «ይኸው ነው? የዛሬ ልጆች አምስት ደቂቃ አይቀመጡበትም!» አለች። ልክ ናት። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም፤ ልቤ ይመታ ነበር። ስድሳ አንድ ዓመት የሞላው ጡረተኛ በመስመር የተሣለች የጠፈር ጣቢያ አይቶ መደንገጡ ለማንም ግልጽ ስለማይሆን፣ ነገሩን ከመነሻው ማስረዳት ይኖርብኛል።

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት፣ አዳማ ናዝሬት ትባል በነበረበት ጊዜ፣ በአንድ የመስኖ እርሻ ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት የስታቲስቲክስ ሠራተኛ ነበርኩ። ኮንትራቱን ጨርሶ ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ የውጭ ባለሙያ ኮምፒዩተር ትቶልን ሄዶ ነበር። በመሥሪያ ቤታችን ውስጥ እንደዚያ መሣሪያ የተከበረ ማንም ሰው አልነበረም። የራሱ ክፍል፣ የራሱ መጋረጃና የራሱ ቬንትሌተር ነበረው። የናዝሬትን አቧራ የሚያውቅ ሰው የሚቀጥለውን ደንብ በቀላሉ ይረዳዋል፦ ወደዚያ ክፍል ጫማ አድርጎ መግባት ፈጽሞ ክልክል ነበር። ሥራ አስኪያጁ አቶ ሙሉጌታ እንኳ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚገቡት።

በመሣሪያው የምንሠራው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ እኔና ታይፒስቷ ሰናይት። አዲስ አበባ ሁለት ሳምንት አብረን ሠልጥነናል። ሰናይት ፈጣን እጅና ከእጅዋ የባሰ ፈጣን ምላስ ነበራት። ቤተሰቦቿ ጸሎት ቤታቸው ከተዘጋባቸው ጴንጤዎች ወገን ነበሩ። ታላቅ ወንድሟ በየቤቱ ይደረግ በነበረው ስብሰባ ተይዞ ስምንት ወር ታስሮ ገና መፈታቱ ነበር። የማኅበሩ መጽሐፍ ቅዱሶችና የመዝሙር ደብተሮች በእነሱ ቤት፣ በእህል ጆንያ ውስጥ ተቀብረው እንደሚቀመጡ አንድ ቀን ሳታስበው አምልጧት ነግራኛለች። ከዚያ በኋላ ነገሩን አንስተነው አናውቅም።

ባለሙያው ከተዋቸው ዲስኬቶች መካከል ምንም ያልተጻፈበት አንድ ነበር። ከፈትነው፤ ያ የጠፈር ጨዋታ ሆኖ ተገኘ። አንዲት መርከብ ይሰጡሃል፤ ሸቀጥ ጭነህ ከፕላኔት ፕላኔት ትነግዳለህ፣ በመንገድ ወንበዴዎች ያደቡብሃል፣ ትዋጋለህ ወይም ትሸሻለህ። ከስድስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል፣ ሌላው ሠራተኛ በሙቀቱ ምክንያት ዛፍ ጥላ ሥር በሚተኛበት ሰዓት፣ እኛ በባዶ እግራችን ተቀምጠን ሰማይ ለሰማይ እንዞር ነበር። የፕላኔቶቹ ስም አፋችን ላይ አልያዝ ስላለን ሰናይት አዲስ ስም አወጣችላቸው፦ ሞጆ፣ መቂ፣ ደራ። ወንበዴ የሚበዛባትን መገናኛ ደግሞ ሻሸመኔ አለቻት።

መርከቧ አንዲት፣ ካፒቴኖቹ ሁለት መሆናችን ግን ጠብ አመጣ። እኔ በሰኞ ተራዬ ነዳጁን ጨርሼ ትቼላት፣ እሷ ማክሰኞ ገና ስትነሣ ተመታች።

«እንዴት ያለ ሰው ነህ? ሳትነግረኝ ባዶ ታንክ ታስረክበኛለህ?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?»

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ በርክክብ ነው!»

ቀልዷን መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ግን የመንግሥት ዕቃ ርክክብ ቅጽ ቁርጥ የሚመስል ሠንጠረዥ በጽሕፈት መኪና መትታ፣ ካርቦን አስገብታ በሁለት ቅጂ አመጣች። ተራ ቁጥር፣ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛት፣ የሚገኝበት ቦታ፣ ምርመራ። ከታች አስረካቢ፣ ተረካቢ። ሁለት ብቻ ስለነበርን ስም አንጽፍም፤ ፊርማ ይበቃን ነበር። እኔም በተፈጥሮዬ ያልተመዘገበ ነገር ስለማልወድ ወደድኩት። ለወራት በየቀኑ ተፈራረምን።

በኅዳር ወር አንድ ሐሙስ ጠዋት የራሴ ቅጂ ከመሳቢያዬ ጠፋች። ጠረጴዛውን ገለበጥኩት፣ ቅርጫቱን ዘረገፍኩት። ቀስ ብሎ ትዝ አለኝ፦ ከዝዋዩ እርሻ የቲማቲም ምርት ሠንጠረዥ ሥር ነበር ያስቀመጥኳት። ያ ፋይል ደግሞ ለፊርማ ወደ ዝዋይ ከተላከ አንድ ሰዓት አልፎታል።

ለሰናይት ነገርኳት። በቃሏ ታውቀው ስለነበር ጮክ ብላ መዘርዘር ጀመረች። «ሚሳይል፣ ሦስት። የሚገኝበት ቦታ፣ መቂ። የተመታ የጠላት መርከብ፣ ሁለት...» አልጨረሰችውም። የሰሜኑ ጦርነት በተፋፋመበት፣ የአየር ኃይሉ ጄቶች በየቀኑ ከደብረ ዘይት ሲነሡ በሚሰሙበት ወቅት፣ በመንግሥት ቅጽ ላይ የተፈረመ የሚሳይል ርክክብ! «ፊርማዬ አለበት» አለች በዝግታ። «ቤታችንን አንድ ጊዜ ከፈተሹ አለቀልን። ወንድሜ ሁለተኛ አይመለስም።»

ለአቶ ሙሉጌታ ከሠንጠረዡ አንድ ዓምድ ሳይሞላ መሄዱን ተናግሬ ዝዋይ ለመሄድ አስፈቀድኩ። በሥራ ዘመኔ ለአለቃዬ የዋሸሁት የመጀመሪያው ውሸት ይህ ነው። ያለ ደብዳቤ ኬላ ማለፍ አይቻልም ነበርና የይለፍ ደብዳቤዬን ሰናይት መታችው።

እስከ ሞጆ በአውቶቡስ፣ ከሞጆ ሲሚንቶ ወደ ሻሸመኔ በሚጭን መኪና ጋቢና ሄድኩ። የጤፉ አጨዳ ደርሶ ሜዳው ሁሉ ቢጫ ነበር። ቆቃ ላይ ሴቶች በገመድ የተሰካካ ዓሣ እያነሡ ያሳዩናል፤ መቂ የሽንኩርት ጆንያ መንገዱን ሞልቶታል። እኔ የማየው ግን የሾፌሩን የፍጥነት መለኪያ ብቻ ነበር።

«ምነው ወንድሜ፣ ሚስትህ ምጥ ላይ ናት እንዴ?» አለኝ ሾፌሩ።

«ሚስት የለኝም።»

«ታዲያ ማን ሊሞትብህ ነው እንዲህ የምትቁነጠነጠው?»

ኬላ ላይ ደብዳቤዬን ሁለት ጊዜ አገላብጠው አዩት።

የእርሻው ጽሕፈት ቤት ስደርስ ስድስት ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። የበሩ ዘበኛ እንደ ልማዱ «አካም ጅርታ!» ብሎ ሰላም አለኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጓድ ዘለቀ ምሳ እንኳ አልወጣም። አንድ ወረቀት ይዞ በሩን ዘግቷል» ሲል ጨመረልኝ።

ጓድ ዘለቀ የእርሻው የፓርቲ ተጠሪ ነበር። ወደ ፖለቲካው ከመግባቱ በፊት ብዙ ዓመት የግምጃ ቤት ኃላፊ ሆኖ ሠርቷል። ስገባ ወረቀቷ ከመዳፉ ሥር ነበረች።

«ሚሳይሎቹ የት ናቸው?» አለኝ፣ ሰላምታ ሳይሰጠኝ።

«ጓድ፣ ጨዋታ ነው። በኮምፒዩተር የሚጫወቱት ጨዋታ።»

«ጨዋታ?» ወረቀቷን ወደ እኔ ገፋ አደረጋት። «ሃያ ዓመት ዕቃ አስረክቤአለሁ፣ ተረክቤአለሁ። በርክክብ የሚጫወት ሰው ግን አይቼ አላውቅም። አስረካቢው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ተረካቢውስ?»

በመንገድ ላይ ይህን ጥያቄ ጠብቄው ነበር። «እሱም እኔ ነኝ» አልኩ።

«ራስህ አስረክበህ ራስህ ትረከባለህ? ይህን የሚፈቅድ መመሪያ የትኛው ነው?» ከልቡ የተቆጣ ይመስል ነበር። ባዶ ወረቀት ሰጠኝ። «ሁለቱንም ፈርም።»

የራሴን ፈረምኩ። ከዚያ የሰናይትን፣ ለወራት በየቀኑ ያየሁትን፣ ትንፋሼን ይዤ ፈረምኩ። ጓድ ዘለቀ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ ረጅም ጊዜ ተመለከተ። «ተነሥ። መሣሪያውን አሳየኝ» አለ ብቻ።

በላንድሮቨር ወደ ናዝሬት ተመለስን። አሥር ሰዓት ላይ ደረስን። ወደ ኮምፒዩተሩ ክፍል በቀጥታ ሊገባ ሲል ሰናይት በሩ ላይ ቆመች።

«ጓድ፣ ጫማ ይወልቃል።»

የሞትን መሰለኝ። እሱ ግን አያት፣ መጋረጃውን አየ፣ ወንበር ጠየቀና ጫማውን ፈታ። የግራ ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዶ ነበር። ማንም አልሳቀም።

«ይህ ሰው ሁለቱም ፊርማ የእኔ ነው ብሏል» አለ ወረቀቷንና እኔ ዝዋይ የፈረምኩበትን እያሳያት። «አሁን ጨዋታውን ያሳየናል።»

የዲስኬቱን ሣጥን ከፈትኩ። ያ ዲስኬት የለም። እንደገና አንድ በአንድ አገላበጥኩ፤ የለም። ያለ እሱ ወረቀቷ ጨዋታ መሆኗን የሚመሰክር በምድር ላይ አንድም ነገር አልነበረም። ቀና ስል ከሰናይት ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጨን፤ የደበቀችው እሷ መሆኗ ገባኝ። የት እንዳለ ከተናገረች ደግሞ ነገሩን ታውቅ እንደነበር መመስከሯ ነው። በዓይኔ «ዝም በይ» አልኳት።

ሰናይት ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች። ከካርቦን ወረቀት ፓኮው ውስጥ ዲስኬቱን አውጥታ መጣች።

«የሱ ፊርማ አንዱ ነው። ተረካቢዋ እኔ ነኝ» አለች።

ጓድ ዘለቀ ወደ እኔ ዞረ። «ዋሽተሃል ማለት ነው።» ወደ እሷ ተመለሰና ወንበሩን አመለከታት። «አስነሺው።»

ሰማዩ መጣ። ጓድ ዘለቀ ቀይ እስክሪብቶ አውጥቶ ቆጠራ ጀመረ። ነዳጅ፣ ልክ ነው። ጭነት፣ ልክ ነው። ሚሳይል፣ ሦስት። በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ ምልክት አደረገ።

«አሁን አንዱን ተኩሺ።»

ከጣቢያዋ ወጣች። ጥቂት እንደሄደች ወንበዴ ብቅ አለ፤ መሣሪያው ጮኸ፣ ስክሪኑ ተርገበገበ። ጋሻችን እየሳሳ ነበር። ሰናይት ከንፈሯን ነክሳ መርከቧን አዞረች፣ ጠበቀች፣ ተኮሰች። ወንበዴው በመስመር በመስመር ተበተነ። በስክሪኑ ግርጌ ሦስት የነበረው ሁለት ሆነ።

ጓድ ዘለቀ ስክሪኑን አየ፣ ወረቀቷን አየ። ከዚያም በምርመራው ዓምድ ውስጥ በጥንቃቄ፣ «አንድ በእኔ ፊት ወጪ ሆኗል» ብሎ ጽፎ ፈረመ።

«ሙሉ ስም?» ሲል ጠየቃት። ከነአያቷ ነገረችው። እስክሪብቶው አየር ላይ ቆመ። «ስምንት ወር የታሰረው ወንድምሽ ነው?»

«አዎ፣ ወንድሜ ነው።»

ጓድ ዘለቀ ቀይ እስክሪብቶውን ከደነና ኪሱ ውስጥ ከተተ። «በመንግሥት መሣሪያ መጫወት ያስቀጣል» አለ። ጫማውን አሰረ፤ ወረቀቷንና ዲስኬቱን ይዞ ሄደ።

እኔ በጽሑፍ ተግሣጽ ተሰጥቶኝ ወደ ደራ ተዛወርኩ። የሰናይት ስም በሪፖርቱ ውስጥ አልነበረም። ለምን እንደተወው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ቤታቸውን ግን የፈተሸ ሰው አልመጣም።

ያችን ዝዋይ የፈረምኳትን የሐሰት ፊርማ፣ ለማንም ባልናገርም፣ በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጥ ደግ ሥራ አድርጌ ቆጥሬያት ኖሬአለሁ። ሰናይት ራሷን ማጋለጧ ያበላሸብኝም ይመስለኝ ነበር። እሑድ ዕለት ልጄ ከሄደች በኋላ አሰላ ለምትኖረው ለሰናይት ደወልኩና ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ ጠየቅኋት።

«ለምን ራስሽን አጋለጥሽ? እኔ እኮ ጨርሼልሽ ነበር።»

«ምኑን ጨረስከው?» ሳቀች። «ፊርማዬን እንዴት እንዳበላሸኸው ሰውየው አሳይቶኛል።» ከዚያ ሳቋን ተወች። «ወንድሜ ስምንት ወር የተኛው "ከነሱ ጋር አይደለሁም ብለህ ፈርም" ሲሉት እምቢ ብሎ ነው። እሱ ያን ሁሉ ችሎ፣ እኔ ለአንድ ጨዋታ ፊርማዬን ልካድ? ማታ ገብቼ ከእሱ ፊት በምን ዓይኔ እራት ልበላ ነበር?»

ስልኩን ዘጋሁ። እኔ ያን ቀን ስሟን የደበቅሁላት መስሎኝ ነበር፤ መጽሐፉን፣ ደብተሩን፣ ዲስኬቱን ሁሉ ስትደብቅ የኖረችው ያቺ ሴት መደበቅ የማትፈልገው አንድ ነገር ስሟ እንደነበር ሳልረዳ አርጅቻለሁ።